ከፕሊማውዝ ወደ ሐዋሳ

ጳጉሜን 2

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? እናታችንስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሦስት ዓመት ዝም አልኩህ። ጋሼ ማረፋቸውን የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነበር። ስልኩን አንስቼ ምን እንደምልህ ጠፋኝ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ኋላ መዘግየቴ ራሱ አፌን ያዘው። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ አንተንም ያጽናህ።

ብዕር ያስነሳኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ባህር ላይ አሳ ሳጠምድ ዋልኩ፤ ቀኑን ሙሉ ጋሼ ከፊቴ አልጠፉም።

እዚህ ለደስታቸው የሚያጠምዱ ሰዎች ክለብ አላቸው። ካቻምና ገባሁ። ጡረታ የወጡ መርከበኞች አሉ፣ አናጺ አለ፣ ነርስ አለች፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ። እንግሊዝ አገር ወንዝና ሐይቅ ላይ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ ይገዛል፤ ለባህር ግን አያስፈልግም። በየወሩ ይወዳደራሉ። ሽልማቱ አንዲት ዋንጫ ናት። ያሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው ውድድር ቤቱ ያቆያትና ይመልሳታል።

በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሳን። ጀልባዋ አሥር ሰው ትይዛለች። የኋላው ቦታ ይሻላል ስለሚባል በእጣ ነው የምንቀመጠው። ለእኔ መሃል ደረሰኝ። ወደቡን ከማዕበል የሚከልለውን ረጅሙን የድንጋይ ግንብ አልፈን ወደ ኤዲስተን አመራን። ኤዲስተን ስንት መርከብ የሰበሩ ቋጥኞች ናቸው። አሁን እዚያ የቆመው የመብራት ማማ በፈረንጆቹ 1882 የተሠራ ነው። ከጎኑ የድሮው ማማ ግርጌ ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ ያለውን ዓለት ሞገዱ ስለቦረቦረው የላይኛውን ክፍል ፈተው ከተማው ውስጥ፣ ባህሩን ቁልቁል የሚያይ ሜዳ ላይ መልሰው አቆሙት። ልጆቼ ደረጃውን መውጣት ይወዳሉ።

የሐዋሳ ሐይቅ ባለበት ይውላል። ይሄ ባህር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ውሃው ሲሄድ አሳው ይበላል። ውሃው ሲቆም አሳውም ዝም ይላል። ስለዚህ የጀልባዋ አለቃ ሞተሩን አጥፍቶ ከቋጥኙ በላይ ይለቃትና ጀልባዋ ከውሃው ጋር ትንሳፈፋለች። ካለፈች በኋላ ይመልሳትና እንደገና ይለቃታል።

የምንፈልገው ፖላክ የሚባለውን አሳ ነበር። ኮድ የሚባለው አሳ ዘመድ ነው፤ ጀርባው ቡናማ፣ ዓይኑ ትልቅ። መንጠቆው ላይ ከጎማ የተሠራ ትል ትሰካለህ። ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ መሬት እስኪነካ ትለቅቀዋለህ። ከዚያ ቀስ እያልክ ታጠነጥናለህ፤ ዙሩንም ትቆጥራለህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃያ ከደረስክ መልሰህ ትለቅቃለህ።

ጋሼ ምን ብለው እንዳስተማሩን ታስታውሳለህ? የሐይቃችን አሳ ቆሮሶ ክሩን ነካ ሲያደርግ «ሳብ!» ይሉ ነበር። እጄ የሚያውቀው ያንን ነው። ስለዚህ ሲነካኝ ሳብኩ። ጎማውን ከአፉ ነጠቅኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው አመለጠኝ።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዋንጫዋን አራት ጊዜ የወሰዱ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ዘንግ ትተው ወደ እኔ ዘወር አሉ። «አትሳብ። ምንም እንዳልነካህ ሁነህ አጠንጥን። ራሱ ዞሮ ሲወርድ መንጠቆው ይይዘዋል» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «እኔን አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የነካኝ» አሉ። ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ውድድር ነው። አሳው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ማወቅ ማለት ግማሽ ድል ነው። ለሁላችንም ጮክ ብለው ነገሩን። ጋሼም ከሐይቁ ሲመለሱ አሳው የት እንዳለ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር። እኔና አንተ ለምን ይናገራሉ ብለን እንናደድ ነበር።

አሥራ አንድ ላይ ነካኝ። ጥርሴን ነክሼ አጠነጠንኩ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። ድንገት ዘንጉ ጎበጠ። ፖላክ መጀመሪያ ላይ ቁልቁል ወደ ቋጥኙ ሲወረወር ክንድህን ይዞ ሊሄድ ነው የሚመስልህ። ሲወጣ 71 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሽማግሌው ከእኔ በላይ ደስ አላቸው።

አንድ ደንባቸውን በጣም ወደድኩት። ፖላክ ከጥልቅ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል። መልሰህ ብትለቀውም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ ሁላችንም ሁለት ሁለት ከያዝን በቃ ይባላል፤ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሄደን ሌላ አሳ እንሞክራለን። የመረቡ ዓይን እየጠበበ ጫጩቱ ሁሉ ያልቃል እያልክ አሞራ ገደል አሳ ገበያ ላይ ስትጣላ ትዝ አለኝ። ያኔ ዝም ብዬህ ነበር። ልክ ነበርክ።

ከሰዓት በኋላ ማኬሬል የሚባል አሳ ያዝን። ነርሷ ኩኩ ራስ የሚባል አሳ አወጣች። ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው፣ የተቀባ ነው የሚመስለው። ብዙዎቹ ሴት ሆነው ይወለዳሉ፣ አንዳንዶቹ ኋላ ወንድ ይሆናሉ አለችኝ። ነጥቡ በአሳው ዓይነትና ርዝመት ስለሚሰላ ዋንጫዋን እሷ ወሰደች። እኔ አምስተኛ ወጣሁ።

ማታ ፖላኩን ጉላሽ ሠራሁት። ዳጣ ነበረኝ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ የቆሮሶን ጣዕም ግን አያህልም።

ይሄን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአክስቴ ልጅ ነው። አብሮ አንድ ፓኬት መንጠቆ ልኬያለሁ። ለቆሮሶ አፍ እንዲሆኑ ትንንሾቹን መረጥኩ። የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ስልክህ የድሮው ከሆነ አንሳልኝ። ስለ ጋሼ የመጨረሻ ቀናት ንገረኝ፤ ሁሉንም መስማት እፈልጋለሁ።

እንኳን አደረሰህ።

ወንድምህ