በሽምብራ ቆሎ ፍሬ የተቆጠረ መዘግየት

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ድሮ የሰፈር እናቶች ደብዳቤ ሲያስጽፉን ሁሌ በዚህ አልነበር የምንጀምረው? ዛሬም የተሻለ አላገኘሁም።

አራት ዓመት ዝም ያልኩህ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ማለት እችል ነበር። ጠፍቶም ያውቃል። እውነቱ ግን የልጅህን ክርስትና ስትነግረኝ «ነገ እደውልለታለሁ» አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት። ከዚያ አፈርኩ።

አሁን ያስጻፈኝ ፊልም ነው፤ አትሳቅ። ፒያሳ በፍላሽ ካስጫንኳቸው መሃል «ማክፋርላንድ ዩኤስኤ» የሚል የዲዝኒ ፊልም ነበር፣ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ። ኬቨን ኮስትነር ከሥራ የተባረረ አሠልጣኝ ሆኖ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ድሃ ከተማ ይገባል። ልጆቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ማሳ ላይ ሠርተው ነው ትምህርት ቤት የሚገቡት። ሰውየው የአገር አቋራጭ ቡድን ያደርጋቸዋል። የቀረውን ሳታየው ትነግረኛለህ። መጀመሪያ ይሸነፋሉ። አባት ይቆጣል። አሠልጣኙ የተሻለ ሥራ ይመጣለታል፣ እምቢ ይላል። እኔ ቀድሜ እየተናገርኩ ባለቤቴን ሳስመርራት «ዝም በል፣ ልይበት!» ተባልኩ።

እውነተኛ ታሪክ ነው ቢባልም በደንብ ተቀሽሯል። አሠልጣኙ ጂም ኋይት ወደ ማክፋርላንድ ከተማ የገባው በፈረንጆቹ 1964 ነው። ቡድኑን በ1980 መሠረተ፣ የመጀመሪያውን የስቴት ዋንጫ በ1987 አነሱ። ፊልሙ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ዓመት ጨመቀው። እኔ ደግሞ ማየት የፈለግሁት የተጣለውን ነበር፤ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ሳይሰለች ያስተማረውን ሰው። ግን ለእሱ ማን ትኬት ይቆርጣል?

ፎርሙላ ነው ብዬ ልተወው ስል ደግሞ የሲድኒ ኦሎምፒክ ትዝ አለኝ። በእኛ 1993 የመስቀል ሰሞን፣ ጎረቤት ቤት ተጨናንቀን። ኃይሌና ኬንያዊው ቴርጋት 10 ሺህ ሜትር ሮጠው በ0.09 ሰከንድ ተለያዩ። እትዬ ሲዘሉ ረከቦቱን ገለበጡት፣ ሲኒ አልተረፈም። ያንን ደራሲ ቢጽፈው «ኧረ አበዛኸው» እንለው ነበር።

ስለ አንድ ትዕይንት ልንገርህ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዳገት የላትም። ታዲያ አሠልጣኙ ልጆቹን በሸራ የተሸፈነ የአልመንድ ክምር ላይ ያስወጣቸዋል፣ ያስወርዳቸዋል። ጎንደር ዳገት ሲሸሽ ላደገ ሰው ይህ ቀልድ ነው። ወፍራሙ ልጅ ከሁሉም ኋላ ያለከልካል። በአገር አቋራጭ ሰባት ሮጠው የአምስቱ ደረጃ ነው የሚደመረው፤ እሱ ሰባተኛው ነው፣ ማንም አይቆጥረውም። መጨረሻ ላይ ከጠንካሮቹ አንዱ ሲደክም የሚደርሰው እሱ እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። አውቄውም አለቀስኩ። ባለቤቴ ዞራ አየችኝና ምንም አላለችም።

የጎንደሩ ጎሃ ተራራ ነው ትዝ ያለኝ። አንተ ከሩቅ ቀድመኸኝ አናቱ ላይ ትወጣለህ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ ከኪስህ የሽምብራ ቆሎ አንድ በአንድ ትቆረጥማለህ። እያለከለክሁ ስደርስ ሰዓት አትነግረኝም፤ «ዛሬ በሠላሳ አራት ፍሬ ዘገየህ» ትለኛለህ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ሠላሳ ለማድረስ ነበር የምሞተው። አንድ ቀን እንኳ ትተኸኝ አልወረድክም። ስንት ጊዜ እንደጠበቅኸኝ ያሰብኩት ገና አሁን ነው፤ ያውም ፈረንጅ አስታውሶኝ።

ለጥምቀት ትመጣለህ ብለው እናትህ ነግረውኛል። ጎሃ እንወጣለን፣ ግድ የለህም። ግን ወፍሬያለሁ፤ የአራት ዓመቱም አለብኝ። ቆሎውን በኪስ ሳይሆን በፌስታል ያዘው።

ወንድምህ
ከጎንደር