የምንቆጠርበትን ቅጽ ይቀይሩልን፦ ለጤና ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

የአንድ ሆስፒታል የመስማትና የንግግር ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነኝ። በየሦስት ወሩ የሪፖርት ቅጽ ሞልቼ እልካለሁ። ቅጹ ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር ተደምሮ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለዚያ ቅጽ ነው።

ቅጹ ስለ እኛ ክፍል የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ስንት ሰው ተመረመረ? ስንት የመስሚያ መሣሪያ ታደለ? ሁለቱንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እሞላለሁ። ቁጥራችን ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት የምስጋና ደብዳቤም አግኝተንበታል። ደብዳቤው በስብሰባ ላይ ሲነበብ ግን የእኔ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ቢሮዬ መጥታ ነበር።

የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ገባች። ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ውስጥ የተጠቀለለ መሀረብ፣ መሀረቡ ውስጥ ሁለት የመስሚያ መሣሪያዎች። መለያ ቁጥራቸውን አየሁት፤ እኛው የሰጠናቸው ናቸው። ልጁ የወሰዳቸው ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው ነው። ጭረት እንኳ የላቸውም።

«ሲያፏጭበት ያለቅሳል» አለችኝ። «የተበላሸ መስሎኝ አወለቅኩለት። ሌላ ጊዜ ይጠቅመዋል ብዬ አስቀመጥኩት።»

ጆሮው ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ እኛ ሞልድ የምንለውን፣ አንስቼ ወደ ልጁ ጆሮ አስጠጋሁት። እንደ አምና ጫማ አነሰው። ነገሩ ቀላል ነው። ልጅ ሲያድግ ጆሮውም አብሮ ያድጋል። ሞልዱ በልኩ ካልሆነ ድምፅ በጎኑ ያመልጣል። ያመለጠው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ መሣሪያው ያፏጫል። ለትንሽ ልጅ ሞልድ በየጥቂት ወሩ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ባትሪው ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ያልቃል። ይህን ለእናትየዋ በደንብ ያስረዳት የለም። ስትቀር ደውሎ «ምነው ጠፋችሁ?» ያላትም የለም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይህ ልጅ በሪፖርታችን ውስጥ አለ። «መሣሪያ የተሰጠው» ተብሎ ተቆጥሯል። አንድ ዓመት ተኩል ግን የእናቱን ድምፅ በቅጡ ሳይሰማ ኖረ።

አንድ ዓመት ተኩል ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ግን ቃል ከቃል ማጋጠም ከጀመረበት ተነስቶ «ለምን?» እያለ ወላጆቹን መውጫ መግቢያ የሚያሳጣበት ጊዜ ነው። አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበለው በእነዚያ ዓመታት ነው። ያኔ ባዶ ያለፈውን ጊዜ በኋላ መሙላት ይቻላል፤ ግን በብዙ ድካም ነው፤ ሁሉንም መሙላትም አይቻልም። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ስድስት ወር ሳይሞላቸው የመስማት ችግራቸው ታውቆ እርዳታ የጀመሩ ሕፃናት፣ ዘግይተው ከታወቁት ይልቅ የቋንቋ ችሎታቸው የተሻለ ነበር። የመስማት ችግሩ ቀላልም ሆነ ከባድ፣ ልዩነቱ ያው ነበር።

ለዚህ ነው በሙያችን 1-3-6 የሚባል መርሕ ያለው። አራስ ሁሉ አንድ ወር ሳይሞላው ይመርመር። ችግር ያለበት ሦስት ወር ሳይሞላው በትክክል ይታወቅ። ስድስት ወር ሳይሞላው እርዳታ ይጀምር። ከ1,000 አራሶች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ቋሚ የመስማት ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ምርመራው አያምም። ሕፃኑ እንደተኛ ትንሽ ለስላሳ ጫፍ ጆሮው ውስጥ ይደረጋል፤ ድምፅ ይላካል። ጤናማ ጆሮ በምላሹ የራሱን ደካማ ድምፅ ያወጣል። ጆሮ ድምፅ እንደሚያወጣ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ባለሙያ ዴቪድ ኬምፕ ያሳወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ይህን ምርመራ ሺህ ጊዜ ባየውም ዛሬም ይደንቀኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ መሣሪያ ሲገዛ ስለሚረሳ። ይህ ምርመራ የሚያየው የውስጥ ጆሮን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አእምሮ የሚሄደውን ነርቭ አያይም። በጣም ከፍተኛ የአራስ ቢጫነት የነበረባቸውና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆዩ ሕፃናት ጆሯቸው ደህና ሆኖ ነርቩ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። ማሽኑ «አልፏል» ይላል፤ ልጁ ግን በትክክል አይሰማም። ለእነሱ የነርቩን ምላሽ የሚለካው፣ ኤቢአር የሚባለው ምርመራ ያስፈልጋል። ርካሹ ማሽን ብቻ ተገዝቶ «ሁሉም ተመርምሯል» ከተባለ፣ በጣም የሚያስፈልጋቸው ልጆች ያመልጡናል።

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። የመስሚያ መሣሪያን ብዙ ሰው እንደ መነጽር ያስበዋል። ልጁ እንዳደረገው ወዲያው የሚሰማ ይመስለዋል። መሣሪያው ድምፅን ያጎላል እንጂ ትርጉም አይሰጥም። ዝምታ ውስጥ ለኖረ ልጅ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ጫጫታ ነው። የበር መንኳኳት ከስሙ እንዴት እንደሚለይ መማር አለበት። የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሥራውም የሚሠራው እኛ ክፍል ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ነው፤ በእናትና በአባት እጅ ነው።

ለምሳሌ ለወላጆች የምናስተምረው አንድ ጨዋታ አለ። ዳንኤል ሊንግ የተባለ ባለሙያ ያዘጋጀው የስድስት ድምፆች ፍተሻ ነው። አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ። እናት ጠዋት መሣሪያውን ካደረገችለት በኋላ አፏን እንዳያይ ከኋላው ትቆማለች። አንዱን ድምፅ ታወጣለች። ልጁ ሲሰማ አንድ ኩብ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። ስድስቱ ድምፆች የተመረጡት ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ፣ ንግግር የሚጠቀምበትን የድምፅ ክልል ስለሚሸፍኑ ነው። ትናንት «ስ»ን ሰምቶ ዛሬ ካልሰማ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ባትሪ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ውስጥ ጠብታ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ጆሮው ታሞም ሊሆን ይችላል። ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው። ለእናትየዋ ይህን ለማስተማር ግን ባለሙያ ከእሷ ጋር ደጋግሞ መቀመጥ አለበት። ያ ሰዓት ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ቅጹ ላይ ቦታ የሌለው ነገር በጀትም የለውም፤ የሥራ መደብም አይከፈትለትም።

ንግግር ብቻውን መንገድ ነው እያልኩ አይደለም። መሣሪያም ቀዶ ሕክምናም የማይረዳቸው ልጆች አሉ። የምልክት ቋንቋ የመረጡ ቤተሰቦችም አሉ። እነሱም ገና ከጅምሩ ቋንቋ ማግኘት አለባቸው። በእጅም ይሁን በአፍ፣ ልጅ ያለ ቋንቋ መቆየት የለበትም።

ስለ አዋቂዎቹም ልናገር። እነሱ ቅጹ ላይ ጭራሽ የሉም።

ስትሮክ ያጋጠማቸው አንድ አባት ክፍላችን ይመላለሱ ነበር። የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ውሃ ሲፈልጉም፣ ሲናደዱም፣ ሲያመሰግኑም ያው ቃል። ልጃቸው «አባዬ አእምሮው ተነካ» ብሎ ተስፋ ቆርጧል። እኔ ጣቶቼን እያነሳሁ «አንድ፣ ሁለት» ስል ተቀበሉኝ። እስከ አሥር ሳያቋርጡ ቆጠሩ። ልጁ ደነገጠ። አፌዥያ፣ ማለትም አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የቋንቋ መታወክ፣ እንዲህ ነው። በልምድ የሚወጡ ቃላት ይተርፋሉ፤ አስቦ መናገር ግን ይጠፋል። ሰውየው አእምሯቸው አልሄደም። እዚያው ናቸው፤ መውጫ በር ነው ያጡት። ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ ይህ ችግር ይገጥማቸዋል። በሩን ቀስ በቀስ የሚከፍተው የወራት ሥራ ነው።

ከንግግሩም የሚቀድም አለ። ስትሮክ መዋጥንም ያውካል። ምግብና ውሃ በጉሮሮ መውረዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባ ምች ያመጣል። ስለዚህ በሽተኛው ምንም ነገር በአፉ ከመውሰዱ በፊት መዋጥ መቻሉ መታየት አለበት። ይህን የሚያየውና ዋርድ ላይ ያሉ ነርሶችን የሚያሠለጥነው የእኛ ክፍል ነው። ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ «ንግግር» የሚለውን ስም አይተው ከመዋጥ ጋር ምን አገናኛችሁ ይሉናል። አንድ በሽተኛ ሳንባው ሳይታመም ወደ ቤቱ ሲሄድ ያ የኛም ሥራ ነው። በቅጹ ግን ዜሮ ነው።

ማጅራት ገትርም እንዲሁ። ልጁ ሲድን ሁሉም እልል ይላል፤ ሪፈር ሳይጻፍለት ይወጣል። በሽታው የውስጥ ጆሮን ከጎዳ ግን ኮክሊያው፣ ድምፅ የሚቀበለው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል። ያ ከሆነ በኋላ ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባለውን፣ በቀዶ ሕክምና የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ ማስገባት ከባድ ይሆናል። የሳምንታት ጉዳይ ነው። ጀንታማይሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ወይም ሲስፕላቲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ታማሚዎችም መስማታቸው ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ሊቀንስ ይችላል፤ በንግግር ላይ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ይሄዳል። ሕክምናው እየተሰጠ ጆሮው በየጊዜው ይለካ የሚለው ትእዛዝ መውጣት ያለበት ከላይ ነው። እኔ ከዋርድ ዋርድ እየዞርኩ በልመና የማስፈጽመው መሆን የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመስማት ተሐድሶ አገልግሎት እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል። ተሐድሶ የሚለውን ቃል ያስተውሉልኝ። ምርመራ አላለም፤ ዕደላም አላለም።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህ ነው። ቅጹን ይቀይሩልን። ልጁ በስንት ወሩ ታወቀ፣ በስንት ወሩስ መሣሪያ አደረገ ብሎ ይጠይቀን። መሣሪያ ከወሰዱት ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ ስንቱ እያደረጉት ነው ብሎ ይጠይቀን። ብዙዎቹ የዛሬ መሣሪያዎች በቀን ስንት ሰዓት እንደተደረጉ ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ኮምፒውተር ላይ ማገናኘት ብቻ ነው። ስትሮክ ካጋጠማቸው መካከል ስንቱ ምግብ ከመጀመራቸው በፊት መዋጣቸው ታየ ብሎ ይጠይቀን። እነዚህ ጥያቄዎች ቅጹ ላይ ሲገቡ የሞልድ መሥሪያው፣ ባትሪው፣ የመስማት መለኪያውን ኦዲዮሜትር በየዓመቱ ማስተካከል፣ ጄኔሬተር የማይጮህበት ጸጥ ያለ ክፍል፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያው መደብ፣ ሁሉም በጀት የሚጠየቅባቸው ነገሮች ይሆናሉ። አሁን እነዚህን ስጠይቅ «ቁጥራችሁ ጥሩ ነው፤ ምን ጎደላችሁ?» ነው የምባለው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ቅጹ ከተቀየረ በመጀመሪያው ዓመት ቁጥራችን ያሽቆለቁላል። እኛ መዝገብ አውጥተን መሣሪያ ለወሰዱ ቤተሰቦች ስልክ መደወል ጀምረናል። ከአንዳንዶቹ የሰማነው ከዚያች እናት የተለየ አይደለም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት እባክዎ ማንንም አይቅጡ። ክፍል ኃላፊዎች ከተቀጡ በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይስተካከላል። ደካማውን ቁጥር የመጀመሪያ ሆኜ የምልከው እኔ ልሁን።

ልጁ አዲስ ሞልድ ተሠርቶለታል። እናቱ ጠዋት ጠዋት ከኋላው ትቆማለች። ባለፈው ቀጠሮ ስድስቱን ድምፆች ሞከርንለት። ለአምስቱ ኩቡን ጣለ። «ስ» ስንለው ኩቡን እንደያዘ ቆየ። በሚመጣው ማክሰኞ እንደገና ይመጣል። የዚህን ሩብ ዓመት ሪፖርት የምልከው በማግስቱ ነው። መሣሪያ የተሰጠው ልጅ ተብሎ አንዴ ተቆጥሯል፤ ደግሜ ልቆጥረው አልችልም። የት መስመር ላይ ልጻፈው?

ከአክብሮት ጋር፣
የመስማትና የንግግር ሕክምና ክፍል ኃላፊ