እድሩ ለሕመምም ይድረስ

ወገኖች፣ ባለፈው ክረምት ጎረቤቴን ጎኗን ውጋት ያዛትና ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። አስተርጓሚ ይመጣል ተባልን። ጠበቅን፤ አልመጣም። መጨረሻ ላይ እዚሁ አሜሪካ የተወለደው የ12 ዓመት ልጇ ላስተርጉም ብሎ ተነሳ። የእኔ እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለሐኪም አይበቃም።

ሐኪሟ ምን እንደሚሰማት ጠየቀቻት። «መጋኛ ነው የመታኝ» አለች። ልጁ ዞር ብሎ አያትና «እማዬ፣ መጋኛ ምንድነው?» አላት። ቀጥሎ ስለ ወር አበባዋ ተጠየቀች። ልጁ አቀረቀረ። እናትየውም «ደህና ነኝ በላት» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ያን ቀን በማስታገሻ ኪኒን ወደ ቤታችን ተመለስን።

የሚቆጨኝ ሕጉ ከእኛ ጋር እንደነበር ማወቄ ነው፤ ያውም ዘግይቼ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በስልክም ቢሆን። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ገጥሞ ሌላ ሰው ካልጠፋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። ድንገተኛ ክፍልም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ «ኢንሹራንስ የለህም» ወይም «ወረቀት የለህም» ብሎ ሳይመረምር መመለስ አይችልም። ስንቶቻችን ነን ይህን የምናውቀው? ብናውቅስ፣ እያመመን በተሰባበረ እንግሊዝኛ መብቴ ነው ብሎ ለመከራከር አቅሙ የማን ነው?

የሆስፒታሉ የክፍያ ወረቀትስ፣ ቢሉ? አንድ አባት ያልተከፈቱ የሆስፒታል ፖስታዎች በፌስታል ሙሉ ይዘው መጥተው ነበር። «ባልከፍተው ይሻላል ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የክፍያ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው። ማመልከቻው የመጀመሪያው ቢል ከመጣበት ቀን አንስቶ እስከ 240 ቀን ድረስ ይቀበላል። የእርዳታው ማስታወቂያ ቢሉ ላይ ነው የሚጻፈው፤ እሳቸው ያልከፈቱት ፖስታ ውስጥ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ እየጠበበ መጥቷል። በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያልያዙ ብዙ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከፌዴራል ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ከሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ይወጣሉ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ዛሬ ነገ አትበሉ።

ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንሆን ታውቁታላችሁ። አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘቡ በሁለት ቀን ይሞላል። ታሞ ሲተኛ ግን ብርቱካን ይዘን «እግዜር ይማርሽ» ብለን እንመለሳለን። ይህን ያነሱት የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። የቤተክርስቲያናችን አስተዳዳሪና የመስጊዱ ሽማግሌዎችም ተስማሙ (በአንድ ስብሰባ ሁሉም ሲስማሙ እኔ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው)። አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ነርሶቻችን ተራ ገብተው ቢል ያነባሉ፣ ፎርም ይሞላሉ።

ጠረጴዛው ግን ሆስፒታል ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ስድስት ሰዎች በሕክምና አስተርጓሚነት ልናሠለጥን ነው። ለሙያው ፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። እኛን የሚያስወጣን የእሱ ክፍያ፣ የፈተናው ክፍያና የመኪና ነዳጅ ነው። ከዚያ ሌላ በኪስ የሚያዝ ካርድ እናሳትማለን። በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ መብቴ ነው» ይላል፤ በሌላው በኩል ያው በአማርኛ፣ ያዡ የሚያሳየውን እንዲያውቀው።

ከእያንዳንዱ ቤት በወር 10 ዶላር እንጠይቃለን፤ ለስድስት ወር። የቻለ ይጨምር፣ ያልቻለ አይጨነቅ። ከእድሩ መዋጮ ጋር ለገንዘብ ያዡ ትሰጣላችሁ፤ የሚመዘገበው ግን በተለየ ደብተር ነው። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ወጪው በየወሩ በጉባኤ ይነበባል። የታማሚ ስም ግን የትም አይነበብም፣ አይጻፍም።

ገንዘብ የሌላችሁ ግን በሥራ ቀን ጠዋት ነፃ ሆናችሁ መኪና ያላችሁ፣ እናንተንም እንፈልጋለን። ጎረቤቴ በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አላት። በዚያ ቀን ልጇ ትምህርት ቤት እንዲውል ነው የምንፈልገው።