ጨጓራው ደህና፣ አንጀቱ ደህና፤ ታዲያ ደሙ የት ሄደ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ደም ማነስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የጨጓራና የትልቁ አንጀት ምርመራ ነፃ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ያስመስላል፤ ይህን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ኢንዶስኮፒ ክፍል፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ የሆድ ዕቃን ውስጥ በምናይበት ክፍል፣ የምሠራ ሐኪም ነኝ። በአፍ የሚገባው መሣሪያ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ብቻ ያያል። በፊንጢጣ የሚገባው ኮሎኖስኮፒ ደግሞ ትልቁን አንጀት አልፎ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ያያል። መሃል ላይ ሜትሮች የሚረዝም አንጀት ሳይታይ ይቀራል። እዚያ የሚደማ ዕጢ ያለበት ሰው "ደህና ነህ" ተብሎ ይሸኛል። የአይረን ክኒን ይውጣል፣ ደም ይሰጠዋል፣ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ያሽቆለቁላል። ይህ ምልልስ በጣም ያሳዝነኛል፤ ማያ መንገድ አለና።

የሚዋጥ ካሜራ፣ ማለትም ካፕሱል ኢንዶስኮፒ፣ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ትልቅ የቫይታሚን ክኒን ያህላል፤ አንጀት ውስጥ እየተጓዘ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ያነሳል። ጂስት የተባለው፣ ከአንጀት ግድግዳ የሚነሳው ዕጢ ሲገኝ አንዳንዴ እንዲህ ይታያል፦ ጤነኛ ሽፋን የለበሰ ጉብታ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ቁስል፣ ቁስሉ ላይ የረጋ ደም። ግን ዕጢው ከግድግዳው ውስጥ ተነስቶ ወደ ውጭ ካደገ ካፕሱሉም ሊስተው ይችላል። ደሙ ካልቆመ በሲቲ ስካንም መፈለግ አለበት። አንጀቱ ጠቧል የሚል ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ሲቲው ይቅደም፤ ካፕሱሉ ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ በፊኛ የሚታገዘው ኢንዶስኮፒ ይመጣል። ጃፓናዊው ሐኪም ሂሮኖሪ ያማሞቶ በእ.ኤ.አ. 2001 ያስተዋወቁት ነው። ፊኛዎቹ በየተራ እየተነፉ አንጀቱን ቱቦው ላይ ይሰበስቡታል፤ መሣሪያውም ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። ናሙና ይወሰዳል። ቀዶ ሐኪሙ ቦታውን እንዳያጣው አጠገቡ ቀለም ይወጋል። ናሙናው ላይ ላዩን ብቻ ነክቶ ሊሆን ስለሚችል "ምንም የለም" የሚል ውጤት ብቻውን አያዘናጋን።

ዕጢዎቹ ብርቅ ናቸው፤ አብዛኛው የደም ማነስ መነሻው ሌላ ነው። ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። ግን ሕክምናው አልቆ ደም ማነሱ ከተመለሰ፣ ወይም ሰገራው እንደ ገና ከጠቆረ፣ ሰው ሐኪሙን "ትንሹ አንጀቴስ ታይቷል?" ብሎ ይጠይቅ። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህችን ጥያቄ ብታካትቱልኝ ደስ ይለኛል። ካፕሱሉ ደም በፈሰሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲዋጥ ምንጩ የመገኘት ዕድሉ ከፍ እንደሚልም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ ሐኪም