ኢያሱ ምዕራፍ 6 ላይ ለምን እናቆማለን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። የሃይማኖት ዓምዳችሁን ከፖለቲካው ገጽ በፊት ነው የማነበው፣ ስለዚህ ይሄን ስጽፍ ለክፋት እንዳታስቡብኝ። ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። የእስራኤል ልጆች ታሪክ በተነሳ ቁጥር፣ በናንተ ገጽም ይሁን በየዓውደ ምሕረቱ፣ በየኮንፈረንሱም ይሁን በየዩቲዩብ ቻናሉ፣ የሚነሳው ያው ሁለት ሦስት ቦታ ነው። ባሕሩ ተከፈለ፣ ኢያሪኮ ፈረሰ፣ ጎልያድ ወደቀ። ታክሲ ላይ ሳይቀር «ባሕሩ ይከፈላል» ተብሎ ይለጠፋል። ደስ ይላል፣ እኔም አሜን እላለሁ፣ በዚህ ኑሮ ሰው ተስፋ ያስፈልገዋል። ግን ባሕሩን የተሻገሩት ሰዎች ከዛ በኋላ የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ።

ጳውሎስ ጠይቋል። አንደኛ ቆሮንቶስ 10ን ያነበበ ያውቀዋል፣ አባቶቻችን ሁሉ ከደመና በታች ነበሩ፣ ሁሉም በባሕር ተሻገሩ፣ ሁሉም ያንን መንፈሳዊ መብል በሉ፣ ከዓለቱም ጠጡ፣ ዓለቱም ክርስቶስ ነበረ ይልና እዛው ላይ ነገሩን ገልብጦ እግዚአብሔር ግን ከነሱ በሚበዙት ደስ አላለውም፣ በምድረ በዳ ወድቀው ቀሩ ይላል። ይሄን የጻፈው ላላመነ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለተጠመቁ፣ ለሚቆርቡ፣ በልሳን ለሚናገሩ፣ ጸጋ ሞልቶ ለተረፋቸው ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ነው እኮ። እናንተ ብቻ አይደላችሁም የተጠመቃችሁት፣ እነሱም በባሕሩ ተጠምቀው ነበር፣ ማዕዱንም በልተው ነበር፣ ግን አላዳናቸውም እያላቸው ነው። «ይህም ሁሉ እንደ ምሳሌ ሆነባቸው፥ እኛንም የዘመናት መጨረሻ የደረሰብንን ሊገሥጸን ተጻፈ»።

ደግሞ ልብ በሉ፣ አብዛኞቹ አይሁድ ያልነበሩ የግሪክ ከተማ ሰዎች ጋር እያወራ «አባቶቻችን» ነው የሚላቸው። እኛ ግን የነሱ ጥፋት ሲነሳ «እነዚህ አንገተ ደንዳኖች» ብለን እንደ ሰው ቤት ወሬ እናወራዋለን፣ ድሉ ሲነሳ ደግሞ ወዲያው የኛ ይሆናል። ባሕሩ ሲከፈል እኛ ነን፣ ጥጃው ሲሠራ እነሱ ናቸው።

ምሳሌነቱን የሚያስተምሩ ሊቃውንት እንዳሉን አልዘነጋሁም። መናው የሥጋ ወደሙ ምሳሌ፣ መና ያለባት መሶበ ወርቅ የእመቤታችን፣ የናሱ እባብ የመስቀሉ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ጣፋጭም ነው፣ የናሱን እባብማ ጌታ ራሱ በዮሐንስ 3 ላይ ጠቅሶታል። ግን ጳውሎስ ዓለቱ ክርስቶስ ነው ብሎ አላቆመም፣ ከዓለቱ ጠጥተው ምን አደረጉ ወደሚለው ነው የሄደው፣ እኛ ደግሞ ምሳሌውን ሰምተን አጨብጭበን ወይ እልል ብለን ወደ ቤታችን ነው የምንሄደው።

እስቲ ኢያሪኮን እንውሰድ። ሰባት ቀን ዞሩ፣ ቀንደ መለከት ተነፋ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ቅጥሩ ወደቀ። ምዕራፍ 6 ነው፣ ስብከቱም እዚሁ ላይ ያልቃል። አንድ ገጽ ብትገልጡ ግን ምዕራፍ 7 በሌብነት ነው የሚከፈተው። ከይሁዳ ነገድ የሆነ አካን የሚባል ሰው እርም ከተባለው፣ ማለትም ለእግዚአብሔር ተለይቶ ማንም እንዳይወስደው ከተከለከለው ዕቃ ውስጥ አንድ ያማረ ካባ፣ 200 ሰቅል (የጥንት ሚዛን ነው) ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ወስዶ ድንኳኑ ውስጥ ቀበረ፣ ወርቁ ብቻ በዛሬ ሚዛን ከግማሽ ኪሎ ያልፋል። ማንም አላየም። ከዛ ጋይ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ሊዘምቱ ሲሉ የላኳቸው ሰላዮች ሕዝቡ ሁሉ ምን አደከመው፣ ሁለት ሦስት ሺህ ሰው ይበቃል አሉ። 3000 ሄደ፣ ሸሽቶ ተመለሰ፣ 36 ሰው ሞተ። እነዛ 36 ሰዎች ካባውንም አልለበሱት፣ ወርቁንም አልነኩት፣ ምናልባት አካን ማን እንደሆነም አያውቁም።

ኢያሱ ልብሱን ቀዶ በታቦቱ ፊት እስከ ማታ በግንባሩ ተደፋ፣ ሽማግሌዎቹም ራሳቸው ላይ ትቢያ ነሰነሱ። ዛሬ ቢሆን የአንድ ሳምንት ጾም ጸሎት ይታወጃል፣ የጠላት መንፈስ ይገሰጻል፣ ጋይ ላይ መተት ተሠርቶብናል የሚልም አይጠፋም። የመጣው መልስ ግን ተነሥ፣ ለምን በግንባርህ ተደፍተሃል የሚል ነበር። እግዚአብሔር ጸሎት ጠልቶ አይደለም መቼም፣ መጀመሪያ የተሰረቀው ዕቃ ከድንኳኑ ይውጣ ነው ነገሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እኛ አገር ጉቦ የሚበላው ሰው እኮ እምነት የለሽ አይደለም። ፋይል የሚደብቀው፣ ጨረታ የሚነካካው፣ የዕድር ብር የሚያጎድለው ሰው ጠዋት ኪዳን አድርሶ ወይ አምልኮ ላይ እጁን ዘርግቶ እያለቀሰ ቆይቶ ነው ቢሮ የሚገባው፣ ዓሥራትም ያወጣል፣ ከበላውም ላይ ጭምር ያወጣ ይሆናል። ከዛ የመንገዱ ሥራ ከታሰበው ሳስቶ መኪና ይገለበጣል፣ የጤና ጣቢያው በጀት ተበልቶ ወላድ ትሞታለች፣ የሟቹ ቤተሰብም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ይጽናናል። አካንን አያውቁትማ። ኢያሱ ምዕራፍ 7 በዚህ አገር ቢያንስ ከምዕራፍ 6 እኩል መሰበክ ነበረበት ባይ ነኝ። (አካን ከነቤተሰቡ በአኮር ሸለቆ መወገሩን አውቃለሁ፣ ይሄን ቆንጥሮ አውጥቶ «ሌቦች ይወገሩ» ብሎ ፖስት የሚያደርግ ስለማይጠፋ ልጨምር፤ ያ እኛ እንድንደግመው አልተጻፈም፣ ሆሴዕ ላይ እግዚአብሔር ያንኑ የአኮር ሸለቆ የተስፋ በር አደርገዋለሁ ይላል።)

መናውም እንደዛው ነው። ዘጸአት 16 ላይ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (የዛን ጊዜ መስፈሪያ) ነው፣ በቃ። ሲሰፍሩት ብዙ የሰበሰበው አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበው አልጎደለበትም። ለነገ ብሎ ደብቆ ያሳደረው ተላበት፣ ሸተተበት፣ ሙሴም ተቆጣ። ዓርብ ብቻ እጥፍ ተፈቀደ፣ ያ ደግሞ ለሰንበት ስለሆነ ሳይሸት አደረ። ጳውሎስ ይሄን ቃል የት እንዳመጣው ታውቃላችሁ? ለነዛው ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው ደብዳቤ ምዕራፍ 8 ላይ፣ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲጠይቃቸው! የናንተ ትርፍ የነሱን ጉድለት ይሙላ፣ መናው እንደዛ ነበር አላቸው። እኛ ጋ ግን መና ማለት ሳይሠሩ ከላይ የሚወርድ ብር ሆኗል፣ ተቀበሉ ተቀበሉ ይባልበታል። ዘይት ከሱቅ ጠፋ በተባለ ሰሞን በየመጋዘኑ ተከማችቶ ተያዘ የሚል ዜና እናንተው ስንቴ አውጥታችኋል፣ ያን ዘይት ያከማቸው ሰው ግድግዳው ላይ ምን ጥቅስ እንደሰቀለ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

ዘኍልቍ 11 ደግሞ የማጉረምረሙ ቦታ ነው። በግብፅ ያለ ዋጋ የበላነው ዓሣ፣ ዱባው፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ትዝ አለን ብለው አለቀሱ። ያለ ዋጋ! ጭድ ተከልክለው ያንኑ ያህል ጡብ አምጡ እየተባሉ ሲገረፉ የነበሩ ሰዎች እኮ ናቸው። ትዝታ ጅራፉን ትቶ ሽንኩርቱን ያስቀራል። ኑሮ ሲከብድ በእገሌ ዘመን ጤፍ ይሄን ያህል ነበር እያልን ያንኑ ዘመን የምናመልክ ሰዎች ይሄን ብናነበው አይከፋም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን አልገባም፣ ፖለቲካ ይሆንብኛል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። «የ11 ቀን መንገድ 40 ዓመት ፈጀባቸው» ይባላል፣ ቀርፋፋ መንገደኞች ነበሩ ለማለት። ዘዳግም 1 ላይ 11 ቀን የተባለው ከኮሬብ ተራራ እስከ ቃዴስ በርኔ፣ እስከ ተስፋይቱ ምድር ደጃፍ ያለው ነው፣ ቃዴስ በርኔ ደግሞ ገና ድሮ ደርሰው ነበር። 12 ሰላዮች 40 ቀን አገሩን አይተው ተመለሱ፣ የወይን ዘለላውን በመሎጊያ ተሸክመው አመጡ፣ 10ሩ እኛ በነሱ ፊት አንበጣ ነን አሉ፣ ሕዝቡም አለቀሰ፣ ለአንዱ ቀን አንድ ዓመት ተብሎ 40 ዓመት ተፈረደ። መንገዱ ረዝሞባቸው አይደለም፣ በሩ ላይ ቆመው አንገባም ስላሉ ነው። ዕብራውያን 3 እና 4 በሙሉ ይሄንን ነው የሚያወራው።

ሌላው ታቦት ነው። እኛ ታቦተ ጽዮን አክሱም ናት ብለን የምናምን ሕዝብ ስለሆንን አንደኛ ሳሙኤል 4 ከማንም በላይ እኛን የሚመለከት ይመስለኛል። እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ሲሸነፉ ለምን ተሸነፍን ብለው ንስሐ አልገቡም፣ ታቦቷን ከሴሎ አምጥተው ይዘው ዘመቱ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ከዛ 30,000 እግረኛ ወደቀ፣ ታቦቷን ይዘው የነበሩት የካህኑ የኤሊ ልጆች ሞቱ፣ ታቦቷ ተማረከች። አቅም አጥታ አይደለም፣ ምዕራፍ 5 ላይ አንድም ዘማች ሳይከተላት የፍልስጥኤማውያንን ጣዖት ዳጎንን በገዛ ቤቱ በግንባሩ ደፍታዋለች። የኤሊ ልጆች መሥዋዕቱን እየነጠቁ ሲበሉ፣ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉት ሴቶች ጋር ሲያመነዝሩ ቆይተው የተሸከሟት ዕለት ግን ምንም አልጠቀመቻቸውም። አሞጽ 9 ላይ «የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» የሚለውንም እኛ ደረታችንን ነፍተን ነው የምንጠቅሰው። ነቢዩ ግን ይሄን ያመጣው የተመረጥን ነን ብለው የሚኮሩትን ሊያዋርድ ነው። ስማችን ያለበትን ጥቅስ ስናነብ ተግሣጹን ዘለነው ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፣ ይሄንን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሰዉ ሁሉ ጎረቤቱን አማሌቅ፣ ማለትም እስራኤልን በምድረ በዳ የወጋው ጠላት ሕዝብ ማለት ጀምሯል። እገሌ ብሔር አማሌቅ ነው፣ እገሌ ፓርቲ ፈርዖን ነው ይባላል፣ ማይክ ይዞም ስልክ ይዞም። ዘዳግም 25 አማሌቅ ምን እንዳደረገ ያውም በግልጽ ጽፎታል፣ ደክመው ከኋላ የቀሩትን፣ መራመድ ያቃታቸውን መታ ነው የሚለው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን አማሌቅ ማነው ብላችሁ ፈልጉ፣ ከየትኛውም ወገን ሆኖ ተፈናቃይ የሚዘርፈው፣ የእርዳታ እህል የሚሸጠው፣ ሽማግሌና አራስ ያለበት ቤት ላይ እሳት የሚለቀው ነው የሚወጣላችሁ። በአባይ ጉዳይ ኮሜንት በተከፈተ ቁጥርም የግብፅ ሕዝብ ሁሉ ፈርዖን ተደርጎ ቀይ ባሕር ይስመጥ ይባላል፣ ግድቡን የምደግፍ ሰው ነኝ ግን ያው ኦሪት ዘዳግም 23 ላይ ግብፃዊውን አትጸየፈው፣ በአገሩ ስደተኛ ነበርክና ይላል። ይሄ ትእዛዝ የተሰጠው ጡብ ላስረገጧቸው ሰዎች ልጆች ምሕረት ይደረግ ተብሎ ነው እኮ፣ እኛ ደግሞ ማንም ጡብ ሳያስረግጠን!

ጳውሎስ እዛ ምዕራፍ 10 ላይ አንድም ቦታ እናንተ እስራኤል ናችሁ፣ እነ እገሌ ከነዓን ናቸው፣ ግቡና ውረሱ አላለም። ያለው «እንደ ቆመ የሚመስለው እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ» ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንዱ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ዓምዱን ለአንድ የኦርቶዶክስ መምህርና ለአንድ የወንጌላውያን አስተማሪ ስጡና ሁለቱም ስለ ኢያሱ 7 ይጻፉ፣ የት ላይ እንደሚገጥሙ እንየው። ሁለተኛው፣ አማሌቅ ወይ ፈርዖን የሚል ጽሑፍ ሲመጣላችሁ ከማተማችሁ በፊት ጸሐፊውን ማንን ማለትህ ነው ብላችሁ ጠይቁት፣ የሰፈሩን ሰው ማለቱ ከሆነ መልሱለት። ደብዳቤዬ ረዝሞ ቦታ ካነሰባችሁ ከፈለጋችሁበት ቁረጡት፣ የዘኍልቍ 11ዱም ይቅር፣ የአካንን ግን ተዉልኝ።

ከአንባቢያችሁ አንዱ፣ አዲስ አበባ