አንዳንዴ ብቻ አልነሳም ለሚል መኪና «ባትሪ ቀይር» መልስ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና አምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ መኪናዬ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ እምቢ ይላል ብሎ ለጠየቀው የሰጣችሁትን መልስ አነበብኩት፣ ባትሪ ቀይር፣ ካልሆነ ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ቀይር ነው ያላችሁት። እኔ የመኪና ኤሌትሪክ ሰራተኛ ነኝ፣ በዚህ ምክር ምክንያት ደህና ዕቃ አስወጥተው አዲስ አስገብተው ገንዘባቸውን ጨርሰው መኪናቸው ግን እዛው ችግሩ ላይ ያለ ሰዎች ናቸው የሚመጡብኝ፣ በጣም ያሳዝኑኛል። እየመጣ የሚሄድ ችግር እኮ በሄደበት ሰአት አይገኝም፣ መካኒኩ ጋ ሲደርስ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ከዛ በግምት መፍታት ይጀመራል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው እምቢ ሲል ምን ድምፅ አሰማ የሚለው ነው። ሞተሩ እየዞረ ነው የማይነሳው ወይስ ጭራሽ አይዞርም? ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በፍጥነት ከደጋገመ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አንሶታል፣ ባትሪው ደክሟል ወይ ተርሚናሉ (ባትሪው ራስ ላይ ያለው የሽቦ ማሰሪያ) ላልቷል። አንዴ ብቻ ጠንከር ብሎ ቀጭ ካለና ዝም ካለ ሞተሪኖውና ወፍራሙ ሽቦ ይጠረጠራሉ። ምንም ድምፅ ከሌለ ትዕዛዙ ራሱ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፣ ቁልፍ ማዞሪያው ወይ ሪሌው (ትዕዛዙን ተቀብሎ ኤሌትሪኩን ወደ ሞተሪኖው የሚለቀው) ሊሆን ይችላል፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ፍሬን ረግጦ ማርሹን ኤን (ባዶ ማርሽ) ላይ አድርጎ መሞከር ነው፣ ፒ (መቆሚያው) ላይ እምቢ ብሎ ኤን ላይ ከተነሳ ማርሹ የት እንዳለ የሚያሳውቀው ስዊች ነው፣ ሞተሪኖው ምንም አላጠፋም።

ባትሪውም ቢሆን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለካ እንጂ አይገመት። አድሮ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12 አካባቢ ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል በሉት። ቆሞ ጥሩ የሚያሳይ ባትሪ ጭነት ሲመጣበት ሊወድቅ ስለሚችል ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ ማየት ያስፈልጋል፣ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ኤሌትሪክ እየጎተተ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ኔጋቲቩን ነው። ከባትሪው ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደው ሽቦ ከላይ ፕላስቲኩ ንፁህ ሆኖ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ይዞ ታገኙታላችሁ፣ ተርሚናሉም ጠበቅ ያለ መስሎ በእጅ ሲዞር ይዞራል። እንዲህ ያለ ሽቦ ዛሬ ይነካል ነገ አይነካም፣ «አንዳንዴ» የሚባለው ችግር ትልቁ ቤቱ እዚህ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ (ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ)፣ ሌላውን የሞተሩ ንፁህ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፍ ሲዞር እዩት። ግማሽ ቮልትና ከዛ በላይ ካሳየ ባትሪ መግዛት ትታችሁ ሽቦውን ፈታችሁ አፅዱት ወይ ቀይሩት።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ሲግል ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ ብሎ መጠየቅ ነው። ግሎ ከጠፋ በኋላ እምቢ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ የክራንክሻፍት ሴንሰሩ (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) መታየት አለበት፣ ሙቀት ላይ ሲግናሉ የሚጠፋበት አለ። ቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው የነዳጅ ፓምፕ ድምፅ መኖሩን ስሙ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ብልጭ ካለ መኪናው ቁልፉን አላወቀው ይሆናል፣ በትርፍ ቁልፍ ሞክሩ።

እባካችሁ ለዛ ጠያቂ አንባቢ እንደገና ፃፉለት፣ ሞተሪኖውን ሳያስፈታ በፊት እምቢ ያለች ሰአት በስልኩ ዳሽቦርዱንና ድምፁን ቪዲዮ ይቅረፅ፣ ሞተሩ ግሎ እንደነበር፣ መኪናው ስንት ሰአት እንደቆመ፣ የፊት መብራቱ ቁልፍ ሲዞር ደብዝዞ እንደሆነ ይፃፍና ይዞት መካኒክ ጋ ይሂድ።

አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን አንባቢያችሁ