ባለሙያው ትናንት ምን ብሎ ነበር?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲና ብሔራዊ ደኅንነት የምታቀርቡትን የባለሙያዎች ትንተና ሳላነብ አላልፍም። ነገር ግን የተንታኙ ማዕረግ ይጻፋል እንጂ ከዚህ ቀደም ምን ብሎ እንደነበረ አይነገረንም።

የኢራቅን ጦርነት ዋዜማ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 ኬኔት ዋልትዝንና ጆን ሚርሻይመርን ጨምሮ 33 የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሁራን በኒውዮርክ ታይምስ ባወጡት ማስታወቂያ ጦርነቱ የአሜሪካን ጥቅም እንደማያስጠብቅ አስጠነቀቁ። በየካቲት 2003 የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ኤሪክ ሺንሴኪ፣ ኢራቅን ለማረጋጋት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት እንደሚያስፈልግ ለሴኔቱ ተናገሩ። ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ግምቱን አጣጣሉት። ባግዳድ ከወደቀች በኋላ በግንቦት ወር የኢራቅ ጦር በአንድ ትእዛዝ ተበተነ፤ ጠመንጃ መያዝ የሚያውቅ፣ ደመወዙ የተቋረጠበት ወታደር ሜዳ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን ደም ዓለም አይቶታል።

የሚያበግነኝ፣ ያን ጦርነት ሲያሞግሱ የነበሩ ተንታኞች ዛሬ ስለ ኢራን በዚያው ልበ ሙሉነት ሲናገሩ፣ የትናንቱን የሚጠይቃቸው መጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትንተና ግርጌ ሁለት መስመር ጨምሩልን፤ ጸሐፊው ስለ ኢራቅ፣ ስለ አፍጋኒስታንና ስለ ሊቢያ ምን ብሎ ነበር? የትኛውን አስተዳደር አገልግሏል? የሚሠራበትን የጥናት ተቋም በገንዘብ የሚደግፈውስ ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ